ማጋራት ወይስ ማዋስ?

ከኮምፒውተር ጥገና ክፍሎች የሚመጣው መልእክት አሁን አሁን አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «ስክሪንዎን ያጋሩን»። ባለሙያው አንዳንዴ ችግሩን ማየት ብቻ ይፈልጋል። አንዳንዴ ግን ማውሱን ተቀብሎ፣ ፋይል ከፍቶና ሰርዞ፣ ራሱ ሊያስተካክለው ነው። የመጀመሪያው ዓይን ብቻ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው እጅም ይገባበታል። «ማጋራት» ሁለቱንም ጠቅልሎ ስለያዛቸው ባለ ኮምፒውተሩ ምን እንደፈቀደ አያውቅም።

ቃሉ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሐሳብም ሐዘንም እንጋራለን። ያለ ቦታው መግባቱ ነው የሚያስከፋው። «የርቀት ዴስክቶፕ» ደግሞ ይብሳል። «የርቀት ትምህርት»ን ስለለመድን ጆሯችን ዝም አለ እንጂ፣ ኮምፒውተር ሻጭ ዘንድ ሄደው ዴስክቶፕ ቢሉ የሚወጣልዎ ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ የሚውለው ነው። ላፕቶፕ ከሩቅ ሲታዘዝ ታዲያ ምን ልንለው ነው? «የርቀት ቁጥጥር» የሚሉም አሉ። ቁጥጥር ግን በእኛ አፍ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሽታ አለው፤ እርዳታ የጠየቀውን ሰው ተጠርጣሪ ያስመስለዋል።

የእኔ ምርጫ ይኸው፦ ማየት ብቻ ከሆነ «ማሳየት»፣ ማዘዝም ካለበት «ማዋስ»። አማርኛ መበደርንና መዋስን ይለያል። ብር እንበደራለን፤ የምንመልሰው አቻውን ነው። ምሳር ግን እንዋሳለን፤ እንፈልጥበትና ያንኑ ምሳር ለባለቤቱ እንመልሳለን። ኮምፒውተርም እንዲሁ ይሠራበታል፣ ይመለሳል፣ ባለቤትነቱ አይነካም። ስሙም አዲስ አይደለም፤ ተጫዋች በውሰት ሲሄድ ስንሰማ ኖረናል። ማውስን ማዋስ ለአፍም አይከብድ!

ልዩነቱን ሶፍትዌሮቹ ራሳቸው ያውቁታል። በእንግሊዟ ካምብሪጅ፣ በኦሊቬቲ የምርምር ቤተ ሙከራ የተወለደው፣ የሌላን ኮምፒውተር ከሩቅ ለማየትና ለማዘዝ የሚያገለግለው ቪኤንሲ፣ ተመልካቹ እንዲያይ ብቻ የሚፈቅድ አማራጭ አለው። የመልእክት መተግበሪያው ስላክም እ.ኤ.አ. በ2015 ስክሪንሂሮ የተባለውን የስክሪን ማጋሪያ ገዝቶ ከሩቅ ማዘዝን ካስገባ በኋላ መልሶ አወጣው፤ ማሳየቱን ግን አቆየው። ስለዚህ ማዘዝም ሲፈለግ ነው እንደ ረስትዴስክ ያሉ ከሩቅ ማዘዣ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌሮችን ከመልእክት መተግበሪያ ጋር አብሮ ማሠራት የሚያስፈልገው። ይህንንም «ውህደት» አንበለው። ፓርቲዎች ሲዋሐዱ የቀድሞው ስም ይከስማል፣ ሲጣመሩ ግን ሁሉም በየስሙ ይቆያል። ረስትዴስክ ረስትዴስክ፣ ስላክም ስላክ ሆነው ስለሚቀሩ ይህ «ጥምረት» ነው።

ቃል መምረጥ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ይህን ይይ። በረስትዴስክ ኮምፒውተሩን ከሩቅ ለሚያዘው ሰው መለያ ቁጥርና የአንድ ጊዜ የይለፍ ቃል ይሰጣል። «አጋራ» የተባለ ሠራተኛ ሁለቱንም የቢሮው ሰው ሁሉ የሚያነበው ቡድን ውስጥ ሊለጥፍ ይችላል፤ ፎቶም ዜናም የሚያጋራው እዚያው ነዋ። «አውስ» ቢባል ግን «ለማን?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እስከ መቼ?» ማለቱም አይቀርም። የደኅንነት ባለሙያ በስልጠና የሚደክምለትን ጥያቄ ግሡ በነጻ ያስጠይቅልናል።

ባለቤቱ በሌለበት በቋሚ የይለፍ ቃል የሚከፈት ሰርቨር ውሰት አይደለም፤ እሱ «ከሩቅ ማዘዝ» ይባል። ለቀረው ግን መመሪያ ጸሐፊዎች ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃችኋል፦ «ስክሪንዎን ያሳዩን» እና «ኮምፒውተርዎን ያውሱን»። በሁለተኛው ሥር «ሲጨርሱ ማስመለስዎን አይርሱ» ብትሉበት ደግሞ የተሟላ ይሆናል።