የሒሳብ ዶክተሩ ኳርተርባክና የእኛ ይድነቃቸው

ታኅሣሥ 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ክሊቭላንድ ከተማ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ክሊቭላንድ ብራውንስ ባልቲሞር ኮልትስን 27 ለ 0 ቀጣው። ሦስት ኳሶችን ለውጤት አቀብሎ ጨዋታውን የጨረሰው ፍራንክ ራያን የሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ከራይስ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። ቆይቶም ገና እየተጫወተ እዚያው ክሊቭላንድ ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ ያስተምር ነበር።

የአሜሪካን ፉትቦል ለማታዩ፦ ኳርተርባክ ማለት ጨዋታው የሚጀመርበት ሰው ነው። ኳሱ እጁ ከገባ በኋላ ሦስትና አራት ሰኮንድ ቢኖረው ነው። በዚያች ቅጽበት የተቃራኒው መከላከያ እንዴት እንደቆመ አንብቦ ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል፤ ሊያደቁት የሚሮጡት ግዙፍ ሰዎች ደግሞ እየደረሱበት ነው። በእኛ ኳስ አስር ቁጥሩና አሰልጣኙ አንድ ሰው ቢሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ አሜሪካኖች ኳርተርባክ ሲመለምሉ ጭንቅላቱንም ይመዝናሉ። ለብዙ ዓመታት በ12 ደቂቃ 50 ጥያቄ የሚሠራ ፈተና ይሰጡ ነበር። ከሃርቫርድ በኢኮኖሚክስ የተመረቀው ራያን ፊትዝፓትሪክ በዚህ ፈተና 48 አመጣ ተብሎ በሰፊው ተወርቷል። ግን ፈተናው ብዙ አልጠቀመውም። በ2005 እ.ኤ.አ. ምርጫ የተጠራው በመጨረሻው ዙር፣ 250ኛ ሆኖ ነው። ከዚያ 17 የውድድር ዘመን በዘጠኝ ቡድኖች ተጫወተ።

ሃርቫርድ እዚያም ብርቅ ነው። እነዚህ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርት ብለው ነፃ የትምህርት ዕድል አይሰጡም፤ ጎበዝ ተጫዋች ወደ ሌላው ይሄዳል። ሆኖም ያ ሌላውም ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ነው። የሊጉ ደንብ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይቀበልም፤ ልጁ እነዚያን ዓመታት የሚያሳልፈው ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ ነው። በእርግጥ ዲግሪውን ሳይጨርስ የሚወጣው ብዙ ነው፤ የተማሪውን ላብ ሸጠው የከበሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ የሚለው ክስም ከንቱ አይደለም። ቁም ነገሩ ግን አሜሪካኖች ከእኛ ይልቅ ትምህርት ወዳድ መሆናቸው አይደለም። ወደ ኳሱ የሚያስገባው በር በትምህርት ቤቱ ግቢ በኩል መሆኑ ነው።

የእኛም በር አንድ ጊዜ በዚያ በኩል ነበር።

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ። አባቱ ጀርመን ሄዶ የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ያስቀረፀው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። ይድነቃቸው የተማረው በዘመኑ የምርጦች ትምህርት ቤት በነበረው በተፈሪ መኮንን ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን ጊዮርጊስን ገና በአፍላነቱ ተቀላቅሎ 23 ዓመት ያህል ተጫወተለት፤ በ365 ጨዋታ 318 ጎል አገባ ይባላል። ፈረንሳይኛውን አቀላጥፎ የሚናገር፣ የስፖርት ደንቦችን ወደ አማርኛ የመለሰ አጥቂ ነበር። ዛሬ ሜዳ ዳር ቆመን በአማርኛ ስለ ደንብ ስንጨቃጨቅ የዚያን ተማሪ ሥራ እየተጠቀምን ነው።

የትምህርቱ ጥቅም በደንብ የታየው ግን ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከአራቱ መሥራች አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ እዚያ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከመጀመሪያው ውድድር ወጣች። እኛም በዚህ ምክንያት ሳንጫወት ፍጻሜ ደረስን። (ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው። ይህን ማንሳት አንወድም።) ፊፋ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ ሲነፍግ፣ አህጉሩ በሙሉ እንዲቀር ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ከገፉት አንዱ ይድነቃቸው ነበር። አፍሪካ ቀረች፤ በ1970 ቀጥተኛ ቦታዋን አገኘች። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ዕለተ ሞቱ 1987 ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነ። የደቡብ አፍሪካን ጉዳይ አንድ ቀንም አልለቀቀም። በፊፋ ስብሰባ ላይ በሰዎቹ ቋንቋ፣ በሰዎቹ ደንብ የሚሞግት ሰው ነበረን፤ ያ ሰው ደግሞ ጎል አግቢ ነበር።

ዲግሪ ኳስ ያስተምራል እያልኩ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። ጣሊያን አባቱን ሳይሆን አስመራን ያደገባት፣ ኑሮ ያስተማረው ልጅ ነበር። ነገር ግን ያን ቡድን ከሚያዘጋጁት ውስጥ ይድነቃቸው ነበረበት። የሜዳው ልጅና የትምህርት ቤቱ ልጅ አንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ታዲያ የት ተለያዩ?

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። የሚገባው ጥቂት፣ የሚወጣውም ጥቂት ነበር፤ የወጣውን ደግሞ የመንግሥት ወንበር ይጠብቀዋል። ወንበር የሚጠብቀው ሰው ለምን ጉልበቱን ለተከላካይ ይሰጣል? ቀጥሎ የተማሪው ንቅናቄ መጣ። ከዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የምናስታውሰው ግጥሙንና ሰልፉን እንጂ የመስመር አጥቂውን አይደለም። ከዚያም ቀይ ሽብር። ያ ትውልድ ኳስ መጫወት ቀርቶ በሕይወት መኖርም አልተፈቀደለትም።

ክለቦቹም መልካቸው ተለወጠ። መብራት ኃይል፣ ባንኮች፣ ምድር ጦር፣ ኦሜድላ፣ እርሻ ሰብል፣ ቡና ገበያ፦ ስማቸው ራሱ የማን እንደሆኑ ይናገራል። በኳስ ተቀጥሮ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው ክፉ ነገር አልነበረም፤ ለብዙ ደሃ ልጅ እንጀራ ሆኗል። ግን በሩ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወደ መሥሪያ ቤቱ ዞረ።

ሌሎች እንዲህ አልሆኑም። በ1980 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ስትበላ በፍጻሜው ሁለት ጎል ያገባው ሴጉን ኦዴግባሚ ኢባዳን ፖሊቴክኒክ መካኒካል ምሕንድስና የተማረ ነው። የዚያው ቡድን የግራ ክንፍ አዶኪዬ አሚዬሲማካ የሕግ ሰው ነው፤ በኋላ የሪቨርስ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ሆኗል። የብራዚሉን ሶቅራጥስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሕክምና ተምሮ ጨርሶ ነው ኮሪንቲያንስ የገባው። እዚያም የልምምድ ሰዓቱን ሳይቀር ተጫዋቹ ከማልያ አጣቢው ጋር እኩል ድምፅ ሰጥቶ የሚወስንበት ሥርዓት አቆሙ፤ ይህን ያደረጉት አገሪቱ በወታደር ስትገዛ ነው። ሐኪሙ ተረከዙን እንዴት እንደሚጠቀምበት ግን የትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት አያስተምርም።

እኔ የምኖረው ልደታ ነው። በዚህ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጥቁር አንበሳ አለ፣ ተግባረ ዕድ አለ፣ ፍርድ ቤቱ አለ። ሐኪሙም ሜካኒኩም ጠበቃውም በየማለዳው በዚህ ያልፋሉ። የድሮው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ከቆመ ወዲህ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት በብሎኮቹ መካከል፣ መኪና በማይቆምበት ሰዓት ነው። አንዱ ልጅ ጎበዝ ከሆነ ሰው አይቶት ፕሮጀክት ያስገባዋል። ልምምዱና የትምህርቱ ፈረቃ ሲጋጭ ቤት ውስጥ ጠብ ይነሳል፤ አባት ደብተሩን፣ ልጅ ታኬታውን ይይዛል።

አባትየው ትክክል ነው እንዳልል፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነው። ከመቶ ሦስት ልጅ! ልጁ ትክክል ነው እንዳልል፣ ሊጋችን ውስጥ የሚገባው ከዚያም ያነሰ ነው፤ የሚገባውም ጉልበቱ አንድ ቀን ሲዞር ባዶ እጁን ይቀራል። ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተስማሙበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። የሐኪም ደመወዝ ስንት እንደሆነ ደግሞ ጥቁር አንበሳ በር ላይ ያገኛችሁትን ጋውን የለበሰ ወጣት ጠይቁት። አባትና ልጅ የሚጣሉት በሁለት ሎተሪ ነው።

ስፖርትና ትምህርት አብሮ የሚሰጥባቸው ጥቂት አካዳሚዎች መኖራቸው ደግ ነው። ግን አካዳሚ ጥቂት ልጆችን ነው የሚወስደው። ዛሬ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ አብዛኛው ሰፊ ግቢ አለው፣ ሜዳ አለው፣ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍልም አለው። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሜዳ ላይ ማን እንደሚጫወት፣ ክለቦቻችንም መልማይ ልከው ያውቁ እንደሆነ፣ በግቢ ያላችሁ ጻፉልኝ።