«ነክተሽዋል?»

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ እኔን አላስተማሩኝም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ለዚህ የዓመት መጽሐፍ ስለ መምህሮቻችን ጻፉ ሲባል አብዛኞቻችን የምናነሣው ፊታችን ቆሞ ያስተማረንን ነውና። እኔ የሕክምና ትምህርት ስጀምር እሳቸው እስር ላይ ነበሩ። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ውስጥ ሲያርፉ ደግሞ ገና ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ወሬውን የሰማነው ዶርም ውስጥ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ያስተማሯቸው ናቸው።

ኢንተርን ሳለሁ አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ድንገተኛ ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሆዴን አመመኝ ያሉ አንድ አዛውንት መጡ። ጥያቄ ጠየቅኳቸው፣ ግሉኮስ አስተከልኩላቸው፣ ካርዳቸው ላይ «ሆዱ ለስላሳ ነው» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሮጥኩ። እጄ ግን ሆዳቸውን አልነካም። ጠዋት ራውንድ ላይ አንድ አንጋፋ የቀዶ ሕክምና መምህራችን ካርዱን አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ነክተሽዋል?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ነኩት። ሆዱ እንደ እንጨት ደርቋል። ወዲያው ኦፕሬሽን ክፍል ገቡ፤ አንጀታቸው ተበስቶ ነበር። አዛውንቱ ተርፈዋል። ግን ሌሊቱን ሙሉ ያለ አግባብ በሥቃይ ያስጠበቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከሰዓት በኋላ መምህራችን ሻይ ጋበዙኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ራሳቸው መምህር ያወሩኝ ጀመር። የፕሮፌሰር አሥራትን ታሪክ በሥርዓቱ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ፕሮፌሰር አሥራት በ1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ ጣሊያኖች አባታቸውን ገደሉባቸው። ከነጻነት በኋላ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያ እስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ሄደው ሕክምና ተማሩ። ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሠሩ፤ ለቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲም እንደገና ኤዲንብራ ሄዱ።

ያን ጊዜ ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ነበሩ፤ በኋላም ዲን ሆነዋል። እኔና ጓደኞቼ ከቤታችን በታክሲ ተመላልሰን ሐኪም የሆንነው እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያንን መንገድ ስላሳጠሩልን ነው።

መምህራችን ግን ሻዩን ትተው የነገሩኝ ሌላውን ነው። ፕሮፌሰር አሥራት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐኪም ነበሩ። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ሞት ሲያሳውቅ ምክንያቱን ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናቸው ጋር አያያዘው። ሐኪማቸው ይህን አልተቀበሉም፤ ከቀዶ ሕክምናው የመጣ እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም አሉ። በ1984 ዓ.ም. የንጉሡ አጽም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ።

«አየሽ» አሉኝ መምህራችን፣ «ሐኪም ያላየውን አይጽፍም። ያየውን ደግሞ ማንም ቢመጣ አይፍቅም። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።»

ያን ጊዜ ንጽጽሩ በዛብኝ። እኔ ደክሞኝ አንድ መስመር ዘለልኩ እንጂ የንጉሥ ሞት አልደበቅኩም! ቆይቶ ነው የገባኝ። በደከመው ሌሊት «ለስላሳ ነው» ብሎ የለመደ እጅ፣ አንድ ቀን ባለሥልጣን ወረቀት ይዞ ቢመጣበት በምን ጉልበት እምቢ ይላል?

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ከተባረሩት ከ40 በላይ መምህራን አንዱ እሳቸው ነበሩ። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን መርተዋል፤ ታስረዋል፤ በእስር ላይ ታመው በ1991 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው፤ ከወራት በኋላም ዐረፉ። በፖለቲካቸው የሚስማማም የማይስማማም በመካከላችን አለ፤ ይህን ጽሑፍ ሲያነብም ይከራከራል፣ ይከራከር። እኔ ግን በመምህርነታቸው ላይ የሚከራከር ሐኪም እስካሁን አልገጠመኝም።

ዛሬ እኔም ተማሪዎች አሉኝ። ካርዱ ኮምፒዩተር ሆኗል፤ የትናንቱን ማስታወሻ ገልብጦ ለዛሬ መለጠፍ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። ተማሪዎቼ ሰነፎች አይደሉም፤ እንደ እኔው ደክሟቸው ነው። እናም የተጻፈውን አነብና ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዷን ጠየቅኳት። ትንሽ አመነታችና «አልነካሁትም፣ ዶክተር። ሄጄ ልንካው?» አለችኝ።

«ሂጂ» አልኳት። ተከትያት ሄድኩ። ሆዱ ለስላሳ ነበር። አሁን ግን አውቀን ጻፍነው።