ዓሣ ለማስገር ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ መኖሪያን ስለመቀየር፦ ለጌዴኦ ዞን ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ በይርጋጨፌ ወረዳ በኢዲዶና በሌሎች የጌዴኦ ዞን ቀበሌዎች ለሚኖሩ፣ በማስገር ወይም በአደን ለመተዳደር በማሰብ መኖሪያቸውን ለመቀየር ለሚፈልጉ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ዋና መልእክቱም የማስገር ፈቃድ የማግኘት ዕድል ሳይረጋገጥ የቡናና የእንሰት ማሳን ትቶ መሄድ ተገቢ እንዳልሆነ ማስገንዘብ ነው። አደን ደግሞ መኖሪያ ለመቀየር መነሻ ሊሆን የሚችል መተዳደሪያ አይደለም።

1. ስለ ሐይቁ

አባያ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት የኢትዮጵያ ሐይቆች በስፋት ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ውኃው ወንዞች በሚያመጡት ደለል ምክንያት ቀላ ያለ ነው። በሐይቁ ከሚገኙት ዓሦች መካከል ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች ይጠቀሳሉ። ሐይቁ የአዞና የጉማሬ መኖሪያም ነው።

የሐይቁን ዳርቻ የኦሮሚያ፣ የሲዳማና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ይጋሩታል። ስለዚህ ከጌዴኦ ዞን ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ጉጂ ዞን አባያ ወረዳ የሚዛወር ሰው ርቀቱ አጭር ቢሆንም ወደ ሌላ ክልል አስተዳደር ይገባል።

2. የመኖር መብትና የማስገር ፈቃድ ልዩነት

በኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 መሠረት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነፃነት አለው። ይህ መብት ግን በራሱ የማስገር ፈቃድ አያስገኝም። በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ለገበያ የሚደረግ ማስገር ፈቃድ ይጠይቃል። ክልሎችም የተፈጥሮ ሀብትን የሚያስተዳድሩት የፌዴራል ሕጎችን ተከትለው በመሆኑ ዝርዝር መመሪያው እንደየክልሉ ሊለያይ ይችላል። በአንድ ክልል የተሰጠ ፈቃድ በሌላው ክልል እንደሚያሠራ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

3. ከመነሣት በፊት በቅደም ተከተል የሚከናወኑ ተግባራት

ሀ) ሊሠራበት የታሰበው ዳርቻ በየትኛው ክልል፣ ወረዳና ቀበሌ እንደሚተዳደር መለየት፤

ለ) የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርቦ አዲስ አስጋሪ የሚቀበል መሆን አለመሆኑን፣ የተፈቀደውን የመረብ ዓይን ስፋት፣ የተከለከሉ ቦታዎችንና ወቅቶችን መጠየቅ፤

ሐ) በአካባቢው የዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ የአባልነት መስፈርቱንና የመመዝገቢያ ክፍያውን በጽሑፍ መረዳት፤

መ) ከተቀባዩ ቀበሌ አስተዳደርና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር፤

ሠ) ምላሹ አዎንታዊ ከሆነ ከሚኖሩበት ቀበሌ የነዋሪነት መልቀቂያ፣ ከትምህርት ቤት የልጆች የዝውውር ማስረጃ መውሰድ፣ እንዲሁም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት አባልነታቸው በአዲሱ ወረዳ የሚቀጥልበትን ሁኔታ መጠየቅ።

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ያላቸው አመልካቾች ይዘውት ቢቀርቡ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ ይረዳቸዋል። መረብና ጀልባ መግዛት ያለበት ከ«ለ» እና «ሐ» ምላሽ በኋላ ነው። ከሚፈቀደው በታች የሆነ መረብ የገዛ ሰው ንብረቱ ሊወረስበት ይችላል።

4. ገደቦቹ ለምን አስፈለጉ?

ቆሮሶ የሚራባው በዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ሴቷ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም በዚያው ዳርቻ ያድጋሉ። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ በዳርቻ መጎተት ያልደረሰውን ዓሣ ከእናቱ ጋር ጠርጎ ያወጣል። ይህም በቀጣዮቹ ዓመታት የሁሉንም አስጋሪ ገቢ ይቀንሳል። መርዝም ሆነ ፈንጂ ተጠቅሞ ማስገር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ባለው የሐይቁ ክፍል የፓርኩ ሕግ የሚጸና በመሆኑ፣ ወሰኑን ሳያውቁ መረብ መዘርጋት ያስጠይቃል።

5. ስለ አደን

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ጥፋተኛውም በገንዘብና በእስራት ይቀጣል። የአደን ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ እንስሳ፣ ለተወሰነ ቁጥርና ቦታ ነው። ስለሆነም ሥጋ ወይም ቆዳ ለገበያ እያቀረቡ ለመኖር አያገለግልም። በነጭ ሣርና በሎካ አባያ ብሔራዊ ፓርኮች አደን ክልክል ነው። የዱር እንስሳ ሰብል ሲያጠፋ ወይም ሰው ሲያጠቃ ለቀበሌውና ለወረዳው ማሳወቅ እንጂ በራስ ሥልጣን መግደል አይፈቀድም።

6. ስለ ማሳ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም። በ«ስጦታ» ወይም በ«ብድር» ስም የሚደረግ ድብቅ ሽያጭም ገዥውንና ሻጩን ለክርክር ይዳርጋል። ማሳውን ለጊዜው ለሌላ ማከራየት የሚፈልግ ባለይዞታ በጽሑፍ ውል አድርጎ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለበት። መሬቱ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ማሳን ለረጅም ጊዜ ያለ ተንከባካቢ መተው የይዞታ መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

የጌዴኦ ጥምር እርሻ ከሌላ ሰብል የሚለይበት ምክንያትም ሊታሰብ ይገባል። እንሰት ለመድረስ በርካታ ዓመታት ይፈጃል፤ አዲስ የተተከለ ቡናም የመጀመሪያ ፍሬውን የሚሰጠው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ከማስገር ያልተሳካለት ቤተሰብ ቢመለስ የተነቀለውን ወይም የተበላሸውን ማሳ በአንድ ክረምት አይመልሰውም። በመሆኑም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ሥራውን ሞክሮ፣ በዝናብና በበጋ ያለውን ገቢ ካየ በኋላ ስለ ቀሪው ቤተሰብ መወሰን ይመከራል።

7. ሳይዛወሩ መሥራት

ከዓሣ ገቢ ለማግኘት የግድ በሐይቅ ዳርቻ መኖር አያስፈልግም። ፈቃድ ካላቸው አስጋሪዎች ተረክቦ በበረዶ ወይም በማቀዝቀዣ ወደ ዲላና ይርጋጨፌ ማድረስ፣ ዓሣን በንጽሕና መበለትና መሸጥ የንግድ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ሥራ ነው። የዓሣ ፍላጎት በዐቢይ ጾም ወቅት ከፍ፣ በሌላው ጊዜ ዝቅ ስለሚል የዓመቱ ገቢ በጾሙ ወራት ዋጋ መሰላት የለበትም።

8. ጤናና ደኅንነት

የሐይቁ ዳርቻ ቆላ በመሆኑ ከደጋ ለሚመጡ ሰዎች፣ በተለይም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች፣ የወባ ሥጋት ይጨምራል። እንደደረሱ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዘንድ ቀርቦ ስለ አልጋ አጎበር መጠየቅ፣ ትኩሳት ሲኖር በዚያው ቀን መመርመር ይገባል። አዞ በሚታይበት ዳርቻ ቆሞ መረብ ከመጎተት፣ ከመታጠብና ልጆችን ውኃ ከማስቀዳት መቆጠብ ያስፈልጋል። ንፋስ በተነሣ ጊዜ በታንኳ ወደ መሀል መግባት አደገኛ ነው።

9. ጥያቄ ያላቸው ተገልጋዮች

የመጀመሪያው መጠየቂያ የሚኖሩበት ቀበሌ የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። የመልቀቂያ ጉዳይ በቀበሌ አስተዳደር፣ የይዞታ ጉዳይ በወረዳው የመሬት አስተዳደር፣ የማስገር ፈቃድ ጉዳይ ደግሞ ሐይቁን በሚያዋስነው ተቀባይ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይስተናገዳል። ለማንኛውም ክፍያ ሕጋዊ ደረሰኝ መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው።