የግል ኅሊናና የሙያ ግዴታ በማኅበራዊ አገልግሎት (ዋግ ኽምራ)

የግል ኅሊናንና የሙያ ግዴታን ማስታረቅ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ እምነቱን፣ ዝምድናውንና ርኅራኄውን ከሕግና ከሙያ ሥነ ምግባር ጋር አስማምቶ የሚሠራበት መርሕ ነው። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች ባለሙያውና ተረጂው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ስለሆኑ ፈተናው ይከብዳል።

የርዳታ ምልመላ፦ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የሚችሉ ችግረኞችን በማኅበረሰብ ሥራ ያሳትፋል፤ ጉልበት ለሌላቸው ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ለቀበሌው የተመደበው የተረጂ ኮታ ከችግረኛው ቁጥር ሲያንስ ርዳታውን ለሁሉም ማካፈል ርኅራኄ ይመስላል፤ ይሁንና ከሁሉ የባሰበትን ሰው ድርሻ ይቀንሳል። ስም ዝርዝሩን በሕዝብ ፊት ማስተቸትና ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማቋቋም አድልዎን ይገታሉ።

ያለዕድሜ ጋብቻ፦ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ድርጊቱን ይቀጣል። ለጋብቻ የታጨች ልጅ ለባለሙያው የነገረችውን ምሥጢር መጠበቅ ግዴታ ቢሆንም፣ ደኅንነቷ አደጋ ላይ ሲወድቅ ጥበቃዋ ይቀድማል። ስለዚህ የምሥጢር ጥበቃው ወሰን ከመጀመሪያው ሊነገራት ይገባል።

ቋንቋ፦ ኽምጣንጋ ተናጋሪ ባለጉዳይ በአስተርጓሚ ሲረዳ፣ አስተርጓሚው ዘመድ ከሆነ የቤት ገመና ሊወጣ ይችላል። ገለልተኛ ሰው መምረጥ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

መፍትሔ፦ ዘመዱ ጉዳይ ይዞ ሲመጣ ባለሙያው ዝምድናውን አሳውቆ ጉዳዩን ለባልደረባው ያስተላልፋል፤ ከኅሊናው ጋር የሚጋጭ መመሪያ ሲገጥመው ተቃውሞውን ለኃላፊው በጽሑፍ ያቀርባል። ኅሊና ባለሙያውን ለፍትሕ ያተጋዋል እንጂ ባለጉዳዩን እንዲፈርድበት ሥልጣን አይሰጠውም።