ጠፍጣፋው ሽቦ፦ የባስ ጊታር ክር ምርጫና «የድሮው ድምፅ» ጥያቄ



የታሪክ መምህር ስለ ጊታር ክር ሊናገር ነው ሲባል ፈገግ ያላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። ጥያቄውን ያመጣብኝ ባስ ጊታር የሚጫወት አንድ ተማሪዬ ነው። ከጓደኞቹ ጋር የጋሞ ዜማዎችን ለመቅዳት ተሰናድቷል፤ ያጠራቀመው ገንዘብ ግን ከአንድ ሙሉ ክር በላይ አይገዛለትም። «መምህር፣ የድሮዎቹ ሙዚቀኞች ድምፅ እንዲወጣልኝ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለውን ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። በአንድ ቃል ልመልስለት አልቻልሁም። የዛሬው ንግግሬ ለእርሱ የዘገየ መልስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ክሩ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። በባስ ጊታር ላይ ዝቅተኛው ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እንዲህ ዝግ ብሎ እንዲርገበገብ ክብደት ያስፈልገዋል፤ ነጠላ ሽቦ ብቻ ብናወፍር ግን ክሩ ይገተርና ድምፁ ይንሻፈፋል። መፍትሔው በቀጭን እምብርት ሽቦ ላይ ሌላ ሽቦ መጠቅለል ነው። የሸማኔ አገር ሰዎች ስለሆናችሁ በድርና ማግ ልመስለው፤ ውጥረቱን የሚሸከመው ድሩ ነው፣ ማጉ ክብደትና ገጽታ ይሰጣል። ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ ማግ በድር መካከል ያልፋል እንጂ አይጠቀለልም። ዋናው ቁም ነገር ግን ይኸው ነው፦ የሚጠቀለለው ሽቦ ክብ ከሆነ ክሩ ሸካራ፣ ድምፁም ብሩህና የሚያስተጋባ ይሆናል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ገጹ ይለሰልሳል፣ የላይኞቹ ንዑሳን ድምፆች ቶሎ ይከስማሉ፣ የሚቀረው ክብ፣ ጠቆር ያለና አጭር ምት ነው።

በእንስሳት አንጀት ላይ ሽቦ መጠቅለል በአውሮፓ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ የተጀመረ ጥበብ ነው። በ1951 የፌንደር ኩባንያ ፕሪሲዥን የተባለውን ባስ ጊታር ለገበያ ሲያቀርብ የነበረው ክር ጠፍጣፋ ጥቅል ነበር። የሞታውን ኩባንያ ቀረጻዎች የባስ ሊቅ ጄምስ ጄመርሰን በዚሁ ክር ተጫውቷል፤ ክሩ ካልተበጠሰበት በቀር አይቀይረውም ነበር ይባልለታል። በ1966 እንግሊዛዊው ሮቶሳውንድ «ዘ ሁ» ከተባለው ቡድን ባሲስት ከጆን ኤንትዊስል ጋር ሆኖ ክብ ጥቅሉን አሰናዳ፤ ባስም እንደ ፒያኖ መጮህ ጀመረ። ዛሬ «የድሮ» እና «የአዲስ» የምንለው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ ዓመት ወዲህና ወዲያ ያለ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች (አርባ ምንጭ ላይ ቆሞ «አርባ ልጆች» ማለት ለጆሮ ደስ ይላል) የነሐስ ባንድ ነበሩ፤ በእንዲህ ያለ ባንድ የታችኛውን ድምፅ የሚሸከመው እስትንፋስ ነው እንጂ ክር አይደለም። ኤሌክትሪክ ባስ በሙሉ ክብሩ የተሰማው አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ከጀመረ በኋላ ባለው ዘመን ነው። የአይቤክስ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ፣ የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬ የዚያ ዘመን ምሰሶዎች ናቸው። በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር «እሬ መላ መላ»ን፣ በ1977 ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ «ቸ በለው»ን ሲያስቀዱ ባሱ ዘፈኑን እንደ ግመል ጉዞ በዑደት ይመራዋል።

ተማሪዬ እነዚህን ሰምቶ «ጠፍጣፋ ክር ነው» አለ። እዚህ ላይ ነው የታሪክ ሰው ጣልቃ የሚገባው። የሸክላው ክርታስ የዘፋኙን፣ ቢበዛ የባንዱን ስም ይጽፋል እንጂ የክሩን ዓይነት አይጽፍም። ጆሮ ብቻውን ደግሞ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ያን የታፈነ ድምፅ የሚሰጡ ቢያንስ አራት ምክንያቶች አሉና። ክሩ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ ያረጀም ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ በመዳፉ ጠርዝ ሊያፍነው፣ ወይም ከድልድዩ አጠገብ ስፖንጅ ሊያስገባበት ይችላል። ሸክላ ቀራጩም ጥልቅ ባስ ሰፊ ቦይ ስለሚፈልግ ከታች ያለውን ድምፅ ቆርጦ ሊያስቀር ይችላል። አራቱም አንድ ዓይነት ጆሮ ላይ ይደርሳሉ።

ሁለተኛውን ምክንያት በሕይወቴ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ በዚህች ከተማ በሠርግ ቤት ባስ እጫወት ነበር። የነበረን ክር ክብ ጥቅል ነው፤ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ባለው በዚህ ሙቀት ላብ በሽቦው ጎድጓዶች ውስጥ ይገባና በጥቂት ሳምንት ክሩ ይደነዝዛል። አዲስ መግዣ ስላልነበረን አውልቀን በብረት ድስት እንቀቅለው ነበር። ቆሻሻው ሲለቅ ለጥቂት ቀናት ብሩህነቱ ይመለሳል፤ ከዚያ መልሶ ይሞታል። እናቴ ድስቷን ለዚህ መስጠት እስክትከለክለን ድረስ እንዲሁ ኖርን። ከእነዚያ ሠርጎች የተቀዳ ካሴት ዛሬ ብሰማ «ጠፍጣፋ ክር» ብዬ በእርግጠኝነት እመሰክር ነበር፤ ውሸትም ይሆን ነበር።

ሌላም ነገር አለ። «ጠፍጣፋው ለኢትዮጵያ ጆሮ ይስማማል» የሚሉ ሙዚቀኞች አሉ። በገናን ሲያስቡ ግን ይህ ክርክር ይላላል። በገና አሥር ክሮች አሉት፤ በባህሉ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፣ ድምፃቸውም እጅግ ዝቅተኛ ነው። አባቶች ይህን ዝቅተኛ ድምፅ አላለሰለሱትም። በእያንዳንዱ ክርና በድልድዩ መካከል እንዚራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ያስገባሉ፤ ክሩ ሲርገበገብ ከእርሷ ጋር እየተነካካ ይነዝራል። ያ ንዝረት ጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ደካማ የሆነውን መሠረታዊ ድምፅ ጆሮ በቀላሉ በሚይዛቸው በላይኞቹ ድምፆች ይገልጠዋል። እንግዲህ በክር መሣሪያ ያለን ነባር የታች ድምፅ ከጠፍጣፋው ይልቅ ለሸካራው ይቀርባል። ጠፍጣፋውን የሚመርጥ ሰው በ1951 ወደተሠራ የአሜሪካ ድምፅ ይመለሳል እንጂ ወደ አባቶቹ አይመለስም፤ ነውር የለበትም፣ ግን ስሙን ማወቅ ይገባዋል።

ይህ ነገር ዛሬ ተግባራዊ ዋጋም አለው። የተማሪዬ ቀረጻ የሚደመጠው በአብዛኛው በስልክና በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ነው። ትንሽ ማጉያ 41 ርግብግቢትን ሊያወጣ አይችልም፤ ጆሮ የታችኛውን ድምፅ የሚያገኘው ከላይኞቹ ንዑሳን ድምፆች ገምቶ ነው። ጠፍጣፋው ክር እነርሱን ይቀንሳል። ስለዚህ በጥሩ ማጉያ ያማረ ባስ በባጃጅ ውስጥ ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል።

ታዲያ ለምን ጠፍጣፋውን እንዲገዛ መከርሁት? በዶርዜ ዘፈን ምክንያት። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ በ1970ዎቹ ቀድቶ ለዓለም ያሰማው የዶርዜ ዘፈን በብዙ ድምፅ የሚዘመር ነው፤ አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እየተደራረበ፣ እየተቀባበለ ይሄዳል። በዚያ ጥልፍ ውስጥ ባስ ጊታር ያልተጠራ እንግዳ ነው። ክብ ጥቅሉ ከንዑሳን ድምፆቹ ጋር ገብቶ በዘፋኞቹ ክልል ይቀመጣል፤ ጠፍጣፋው ከታች ሆኖ ቦታ ይለቅላቸዋል። እንግዳ ከሆንህ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ አልሁት። ለስልክ አድማጭ ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ሐረጎች አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ እንዲደግማቸው ነገርሁት። ጠፍጣፋ ክር ብዙውን ጊዜ ውጥረቱ ስለሚበዛ አንገቱ ሊጎብጥ ይችላል፤ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በትንሽ በትንሹ እንዲያስተካክል፣ በአንድ ቀን እንዳይጨርሰው አስጠነቀቅሁት።

ገዝቶ ገጠመው። ሁለቱን ዘፈኖች ከዶርዜ ዘፋኞች ጋር በጠፍጣፋው ቀዳ። ሦስተኛውን፣ በክራር የሚታጀበውን፣ ግን ካስቀመጠበት ባወጣው አሮጌ ክብ ክር ቀዳው። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ክራሩ ይነዝራል፤ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው» አለኝ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።