የእንዶድ አረፋና የወንዝ ቀንድ አውጣ

የጓሮ አትክልት የሚያለማ ሰው ቀንድ አውጣን የሚያውቀው በጎመኑ ቅጠል ላይ በሚተወው ቀዳዳና በሚያብለጨልጨው ዝልግልግ ዱካው ነው፤ ዝናም ባደረ ማግሥት እየለቀሙ መጣልና በመደቡ ዙሪያ አመድ መነስነስም የቆየ የአትክልተኛ ዘዴ ነው። የዚሁ ፍጥረት ዘመድ የሆነው የወንዝ ቀንድ አውጣ ግን ጥፋቱ ከቅጠል አልፎ እስከ ሰው ደም የሚደርስ ስለ ሆነ፣ እርሱን ድል የነሣው የሀገራችን ዕፅ ታሪክ በሰፊው ሊነገር ይገባዋል።

ሳሙና በየገበያው ሳይበዛ በፊት፣ እናቶቻችን በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለውን የእንዶድ ፍሬ ገና ሳይቀላ ለቅመው፣ በፀሐይ አድርቀውና በሙቀጫ ወቅጠው ወደ ወንዝ ይወርዱ ነበር። ዱቄቱ ከውኃ ጋራ ሲታሽ ነጭ አረፋ ይወጣዋል፤ የበዓለ ጥምቀት ሸማ፣ የካህኑ ጥምጥም፣ የሙሽራዪቱ ቀሚስ ሁሉ የሚነጣው በዚህ አረፋ ነበር። ዕፁ ለመድኃኒትነትም ይፈለጋል፤ ነገር ግን መጠኑን ሳያውቅ የጠጣውን ሰው እስከ ሞት ሊያደርሰው ስለሚችል፣ አዋቂዎች በብርቱ ጥንቃቄ ይይዙት ነበር።

በዚያው ወንዝ ውስጥ ግን ሌላ ምሥጢር ነበረ። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 በካይሮ መንሥኤው የሆነውን ትል ያገኘለትና በስሙ የተጠራው ደዌ ብልሃርዝያ፣ ያለ ቀንድ አውጣ ሊተላለፍ አይችልም። የትሉ ዕንቁላል ከሕመምተኛው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋራ ወደ ውኃ ይገባል፤ ከዕንቁላሉ የተፈለፈለው ፍጥረት በቀንድ አውጣው ገላ ውስጥ አድጎና ተባዝቶ ይወጣና፣ ውኃ የሚቀዳውን፣ የሚታጠበውንና የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ያጠፋ የደዌውን መንገድ ቆረጠ ማለት ነው።

ወጣቱ ሊቅ አክሊሉ ለማ ይህን ደዌ ለመመርመር ወደ ዓድዋ የወረዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ነበር። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውኃው ላይ በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ስንቱ መንገደኛ አይቶ ባለፈው ነገር ላይ እርሳቸው ቆመው ጠየቁ፤ የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ቢያስፈትኑት ገደላቸው። የዚህ ሰው ታላቅነት፣ በእኔ አስተያየት፣ በውጭ ሀገር ከቀሰሙት ትምህርት ይልቅ የልብስ አጣቢዎቹን ሥራ እንደ ዕውቀት ቆጥረው በመመርመራቸው ላይ ነው።

በዚሁ አቆጣጠር ከ1969 እስከ 1974 በዚያው በዓድዋ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው እንዶድ በወንዞቹ ውስጥ እየተጨመረ ሲፈተን፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ በደዌው የተያዙት ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ዘሮች እያወዳደሩ፣ ኃይሉ የበረታውን ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ።

እንዲህ ያለው ፍሬ ግን ፈጥኖ በዓለም አልተዳረሰም። ከፋብሪካ የሚወጣው የቀንድ አውጣ መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ሲሆን፣ እንዶድ በድኻው አጥር ላይ በነጻ ይበቅላል፤ ሆኖም ለሰውና ለእንስሳ ደኅንነቱ በታወቁ የውጭ ቤተ ሙከራዎች እስኪረጋገጥ ድረስ በሰፊው እንዲሠራበት አልተፈቀደም። ዓሣን ጭምር የሚገድል ዕፅ ነውና ጥንቃቄው አላስፈላጊ ነበር አልልም፤ ዘመን የፈጀው መዘግየት ግን ያሳዝነኛል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሕፃናቱ ከዚያው ወንዝ ይቀዱ ነበርና። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዛጎል ለበስ ፍጥረት በእንዶድ ለማጥፋት የሚያስችለውን ዘዴ በራሱ ስም በፓተንት አስመዘገበ።