በጉ የቦንጋ፣ ሣሩ የማን?

ከፋ ሲባል ሁላችንም ቀድሞ የሚታወሰን ቡና ነው። ከቡናው ጋር ደግሞ ያ የእረኛው የቃልዲና የፍየሎቹ ወሬ ይከተላል፤ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲቦርቁ አደሩ የሚባለው። ይህ ወሬ በአውሮፓ ቀድሞ ከታየባቸው ጽሑፎች አንዱ ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ሊቅ በ1671 ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስኩት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) እዚያ ላይ እረኛው ስም የለውም፤ ቦታውም የመን እንጂ ከፋ አይደለም። የሆነው ሆኖ ፍየሎቹ ዝናቸውን አትርፈው ቀሩ። የከፋን ገበሬ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲልክ፣ ግብር ሲገብር፣ ለቅሶና ሠርግ ሲደርስበት ከጭንቅ የሚያወጣው በግ ግን የሚያወሳለት አላገኘም።

የቦንጋን በግ ያየ ሰው አይስተውም። ወንዱም ሴቷም ቀንድ የላቸውም። ጠጉሩ አጭርና ልስልስ፣ መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ፣ ላቱ ረጅምና ስብ የተሸከመ ነው። የአገራችንን በጎች ዘር ከዘር ለይተው ያጠኑት ሰሎሞን ግዛው በ2008 ኔዘርላንድ ውስጥ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የቦንጋን በግ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው መድበውታል። አዲስ አበባ ላይ የበዓል ዋዜማ በግ ተራ ቆሞ ወገቡን ጨብጦ፣ ላቱን በመዳፉ መዝኖ ዋጋ የሚጠራ ከተሜ ስለ ዝርያው ላይጨነቅ ይችላል። የሚጨብጠው ሥጋ ግን ከአንድ ነገር መምጣት አለበት። ከሣር። ታዲያ ሣሩ ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ ይዤ ከቦንጋ ደካ ድረስ ሄጄ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከእንሰታቸው ሥር ጠቦት አስረው ሲቀልቡ አገኘኋቸውና፣ «አባባ፣ ለጠቦትዎ የሚሆን ሣር ዘርተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። የሚያስተረጉምልኝ ወጣት በከፊኛ ሲነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ሣር ይዘራል እንዴ? ሣር እኮ እግዜር የሚያበቅለው ነው» አሉኝ።

መልሱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ገበሬ ጤፍን ከዱር ሣርነት አውጥቶ እህል ያደረገ፣ ኑግን ያለመደ፣ እንሰትን ያህል ተክል ለምግብ ያበቃ ሰው ነው። ለከብቱ የሚሆን መኖ መርጦ መዝራትን ግን ልማድ አላደረገውም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። እንግሊዝ አገር በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ማገጥና ቀይ ሥር መሰል የከብት መኖ መዝራት የተስፋፋው ክረምቱ በረዶ ስለሚሆንና ከብቱ የሚበላው ስለሚያጣ ነበር። እኛ ዘንድ በተለይም ዝናብ በማይጠፋበት በደቡብ ምዕራቡ አገር፣ ጦም ያደረ መሬት፣ የጫካ ዳር፣ የመንገድ ጠርዝ፣ የአዝመራ ቃርሚያ ሁሉ ግጦሽ ነበር። ያልጎደለን ነገር ማን ይዘራል?

እርግጥ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ሐረርጌ። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላና በቆሎውን ሆን ብሎ አብዝቶ ይዘራና ሲበቅል ደረጃ በደረጃ እያሳሳ የነቀለውን ለታሰረ በሬው በእጁ ያጎርሳል። የሐረር ሰንጋ ዝናው የመጣው ከዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ገበሬ ማንም ፕሮጀክት ሳያስተምረው የመኖ እርሻን ፈጥሯል፤ ስሙን ብቻ አላወጣለትም። ሰሜኑም ቢሆን ሙክት የማድለብ ጥበብ አለው፦ አቴላ፣ ፋጉሎ፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ ጨው። ይህ ግን ከጓዳ የሚወጣ ቀለብ ስለሆነ ለአንድና ለሁለት በግ እንጂ ለመንጋ አይበቃም።

ወደ ከፋ እንመለስ። የከፋ መንግሥት በ1897 እስኪወድቅና የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረክ ድረስ የራሱ ሥርዓት ያለው አገር ነበር። ጦርነቱ ሕዝቡን ክፉኛ አመናመነው፤ ብዙ እርሻም ዱር ዋጠው። ከቪየና ተነስቶ በ1905ና በ1909 የመጣው ፍሪድሪሽ ቢበር በኋላ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የጻፈው ስለዚህ አገር ነው። እንግዲህ የዛሬ ሽማግሌዎች አባቶች ያደጉት መሬት ሰፊ፣ ሰው ጥቂት በሆነበት ዘመን ነው ማለት ነው። ሣር እግዜር ያበቅላል ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ያ ዘመን አልፏል። ቡናው ሰፋ፤ በ1975 የመሬት አዋጅ ታወጀ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽና እንደገና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፋሪዎች መጡ፤ ባሕር ዛፉ ተተከለ። በ2010 ደግሞ ዩኔስኮ የከፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዘገበው። ይህ የሚያኮራ ነው። ጫካ ዳር በግ የሚያግድ ልጅ ግን ከዚያ በኋላ እግሩን የሚያሳርፍበትን ማየት ግድ ሆኖበታል። ቦንጋ በ2021 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫ ስትሆን ከተማዋም ራሷ ሜዳ ትፈልጋለች። የጋራ ግጦሽ እየጠበበ፣ በጉ በገመድ እየታሰረ መጣ።

መንግሥትና ምሁራኑ ሣር ይዘራል ማለት የጀመሩት ከዚህ ሁሉ ቀድመው ነው። በ1952 ጅማ ላይ የግብርና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የዓለማያ ኮሌጅም ሕንፃው እስኪያልቅ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው እዚያው ጅማ ነበር። በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመና ሆለታ ላይ መኖ ይሞከር ጀመር። በ1967 አርሲ ውስጥ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም ካዱ የምንለው፣ አጃና ቬች ቀላቅሎ መዝራትን ለገበሬው አሳየ። በ1974 የአፍሪካ የእንስሳት እርባታ ዓለም አቀፍ ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ናይሮቢ ካለው ወንድሙ ጋር ተዋህዶ የዛሬው የእንስሳት ምርምር ተቋም ሆነ። ግቢው ውስጥ ባለው የዘር ባንክ ከ18 ሺህ በላይ የመኖ ተክል ናሙና ይገኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በዓለም ባንክ ብድር የተካሄደው አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት በጓሮ፣ በእርከን ላይና በሰብል መሐል መኖ የሚዘራበትን ዘዴ ይዞ ብዙ አውራጃ ደረሰ። የእነ አለማየሁ መንግሥቱ ትውልድ ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥረት ገበሬው ጓሮ የቀረው ግን ጥቂት ነው። ለምን? አንደኛው ነገር ዘር ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ዘሩም አብሮ ይዘጋል። ሌላው፣ እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ሜዳው የሁሉ መሆኑ ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ከብት ለቀው እሱ ብቻ መኖ የተከለ ሰው፣ የተከለው ለጎረቤቱ በሬ ነው። ደግሞም ፕሮጀክቶቹ አሳባቸው ሁሉ በወተት ላም ላይ ነበር። በግ በራሱ ያድጋል ተብሎ ተተወ።

የሣሮቹ ስም ነገር ደግሞ ያስቃልም ያሳዝናልም። የዝሆን ሣር የምንለውን የግብርና ባለሙያው «ናፒየር» ይለዋል። ኢትዮጵያዊ ናፒየር ሲባል መቅደላና 1868 ትዝ እንደሚለው የታወቀ ነው። አይደለም፤ ይህኛው ናፒየር በሮዴሽያ ቡላዋዮ የነበረ ሌላ ኮሎኔል ሲሆን፣ ሣሩ ለከብት እርባታ እንዲሞከር የአገሩን የእርሻ መሥሪያ ቤት በመወትወቱ ስሙ ተለጠፈበት። የሮድስ ሣርም በ1895 አካባቢ ኬፕታውን አጠገብ ባለው ርስቱ ላይ ባስተከለው በሴሲል ሮድስ ስም ይጠራል። ሁለቱም የአፍሪካ ሣሮች ናቸው፤ የሮድስ ሣር በእኛው ሜዳ ላይ በራሱ የሚበቅል ነው። በየደጋው ረግረግ ከክረምት በኋላ የሚያብበው ማገጣችንም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ከዓይነቶቹ አንዱ በላቲን የሚጠራው በ1837 መጥቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ አገራችን በኖረው ጀርመናዊ ዕፀዋት ሰብሳቢ በሺምፐር ስም ነው። ሺምፐር እንኳ ኖሮበታል፤ ይገባዋል ልበል።

ደሾ ግን በአገሩ ስም የሚጠራ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ተነስቶ በመላው ደቡብ የተስፋፋ ሣር ነው። መጀመሪያ የተወደደው ለእርከን ነበር፤ ሥሩ አፈሩን አጥብቆ ይይዛልና። በኋላ ከብት እንደሚወደው ታየ። ለከፋ ገበሬ የሚመቸው ደግሞ ዘር የማይጠይቅ መሆኑ ነው፦ ጎረቤት ጓሮ ካለው ቁጥቋጥ ግንጣይ ተወስዶ በመስመር ይተከላል፤ ፕሮጀክት ቢዘጋ ደሾ አይዘጋም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ጠቦትን ለማድለብ ሣር ማብዛት ብቻውን አይበቃም። 20 ኪሎ የሚመዝን ጠቦት በቀን ከ3 እስከ 4 ኪሎ እርጥብ ሣር ይበላል። ሣሩ ካረጀ ግን የሚበላው ሥጋ አይሆንም። ከደረቁ መኖ መቶ እጅ ውስጥ ፕሮቲኑ ከ7 በታች ሲወርድ በጨጓራው ውስጥ ሣሩን የሚፈጩት ጥቃቅን ሕዋሳት ራሳቸው ይራባሉ፤ በጉ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። ክብደት እንዲጨምር ከተፈለገ የዚያ እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል። ደሾም ሆነ የዝሆን ሣር ይህን ሊያቀርብ የሚችለው ለጋ ሳለ፣ ከማበቡ በፊት ከታጨደ ነው። የዝሆን ሣር ወደ አንድ ሜትር ሲደርስ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ገደማ ተትቶ ይቆረጣል። ገበሬው ግን «ይብዛልኝ» ብሎ እስኪረዝም ይጠብቃል፤ ሲረዝም አገዳ ይሆናል። ብዛትና ጥራት እዚህ ላይ ይጣላሉ።

እርቁ የሚመጣው በጥራጥሬ ዘመዶች ነው። ዴስሞዲየም ከደሾው መሐል ይሳባል፤ ላብላብ በበቆሎው ሥር ይዘራል፤ በደጋው ትሪ ሉሰርን፣ በወይናደጋው ሰስባኒያና የእርግብ አተር አጥር ሆነው ይቆማሉ። ከቀን ቀለቡ ሩቡ ወይም ሲሶው ከእነዚህ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። አልፋልፋ ግን ጤዛ ሳለ ለራበው ጠቦት ብቻውን ከተሰጠ ሆዱን ነፍቶ ሊገድለው ስለሚችል ጠውልጎ፣ ከሣር ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። እንሰቱም አይረሳ። ሥሩ ኃይል ሰጪ ሲሆን ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ ቅጠሉ በዚህ ይሻላል። ሽማግሌው ጠቦታቸውን ከእንሰት ሥር ያሰሩት በከንቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀት ልግባ። ገበሬ ገንዘብ ሲቸግረው የሚሸጠው ቶሎ ያደገውን ጠቦት ነው። ገዢም የሚመርጠው እሱን ነው። ቀጫጫውና ዘገምተኛው ቤት ቀርቶ በኋላ አውራ ይሆናል፤ የሚወልደውም ራሱን የመሰለ ነው። ይህ በየበዓሉ ሲደጋገም ዝርያው ከላይ ከላዩ እየተቀጨ ይሄዳል። የቦንጋን በግ በሽታ ብቻ አይደለም የሚያጠፋው፤ እኛ ከተሜዎቹም በጥሩ ዋጋ ልናጠፋው እንችላለን።

ይህን ለማስቆም በ2009 አካባቢ ኢካርዳ የተባለው የምርምር ማዕከል፣ አዲስ አበባ ያለው የእንስሳት ተቋምና የቪየና የግብርና ዩኒቨርሲቲ ከአገራችን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በመንዝ፣ በሆሮ፣ በአፋርና በቦንጋ ገበሬው ራሱ የሚመራው የማሻሻያ ሥራ ጀመሩ። (ቪየና ከቢበር በኋላ መቶ ዓመት ቆይታ ወደ ከፋ ተመለሰች ማለት ነው።) በአዲዮ ወረዳ ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው፣ የጠቦቶቹን የስድስት ወር ክብደትና የእናቶቻቸውን ታሪክ አይተው ከመሐላቸው በመረጧቸው ሰዎች ዳኝነት አውራ ይመርጣሉ። የተመረጠው አይሸጥም፤ በጋራ ያገለግላል። ያልተመረጠው ይኮላሽና ይደልባል።

እዚህ ላይ ነው ሣሩ የሚፈረድለት። ገበሬው መልካሙን ጠቦት ስድስት ወር ያቆየው ዘንድ የሚያበላው ሊኖረው ይገባል፤ ያልተመረጠውን ሦስት ወር አድልቦ ለመስቀል ወይም ለገና ለማድረስም እንዲሁ። መኖ ከሌለው ዳኞቹ የፈለጉትን ቢመርጡ ጠቦቱ ከምርጫው በፊት ገበያ ወጥቷል። በዚህም የተነሳ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ስለ አውራ በግ ባወሩ ቁጥር ስለ ደሾ ያወራሉ። ወጣቶችም በማኅበር እየሆኑ ጠቦት ገዝተው በሦስት ወር ዙር ማድለብ ጀምረዋል። ሒሳቡን ሲያሰሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት የበጉን ዋጋ ሳይሆን ከማን ጓሮ ስንት ሸክም ደሾ እንደሚገኝ ነው፤ ግንጣዩም ዛሬ በገንዘብ እየተሸጠ ነው።